መሄጃው 16 ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው 13 ሰዓት፦ የዋሽንግተን በረራ ሒሳብ

“ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?” ብሎ ቲኬት ቢሮ የሚጠይቅ ሰው አንድ መልስ ብቻ ይዞ አይወጣም። ለመሄጃው እንደ ወቅቱና እንደ ማረፊያው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይባላል። ለመመለሻው ግን 13 ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱ ከተሞች አልተጠጋጉም፣ አልተራራቁም። አውሮፕላኑም ብዙውን ጊዜ ያው አውሮፕላን ነው። ሲሄድ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተኑ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ (ከቴክሳሱ ዳላስ ጋር እንዳይምታታ) ተነሥቶ የትም ሳያርፍ ቦሌ ይደርሳል።

ስለዚህ ነገር የሚሰማው ቅሬታ የቆየ ነው። “ሲመልሱን ቀጥታ መምጣት ከቻሉ ሲወስዱን ለምን አይችሉም?” የሚል መንገደኛ ብዙ ነው። አንዳንዱ ማረፊያው ተጨማሪ ሰው ለመጫን የተፈጠረ ዘዴ ይመስለዋል። በአንዳንድ መስመሮች ላይ በእርግጥ በማረፊያው ከተማ መንገደኛ ይጫናል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ምክንያቱ ቦሌ የተሠራበት ቦታ ከፍታ ሲሆን፣ ለዚህ ከፍታ ሒሳብ የሚከፍሉትም አየር መንገዱ፣ መንገደኛውና በዚሁ አውሮፕላን ሆድ ዕቃ የሚልከው ነጋዴ ናቸው።

የኪሎ ሜትሩ ነገር

ከቦሌ እስከ ዳለስ በአጭሩ መስመር ቢለካ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ካልን፣ ጅማን 33 ጊዜ መሄድ እንደ ማለት ነው። አጭሩ መስመር ሲባል ግን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ በማስመሪያ የሚሰመረው አይደለም። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች እውነተኛውን አጭር መንገድ ለማየት ሉል ወስዶ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር መወጠር ያስፈልጋል። ክሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣና በካርቱም አካባቢ ያልፋል። ከዚያ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል።

ይህ እንግዲህ የክሩ መንገድ ነው። አውሮፕላን ግን የሰማይ ባለቤቶችን ፈቃድና ጸጥታ እያየ ነው የሚሄደው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ የሱዳን ሰማይ ተዘጋ፤ ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ አውሮፕላኖችም በቀይ ባሕር፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በግብፅ በኩል ዞረው ለመሄድ ተገደዱ። የጎረቤት ጦርነት በቲኬት ላይ ተጽፎ አይታይም፣ ነገር ግን በነዳጅ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ይከፈላል።

መንገድ ላይ ማረፉስ ጉዞውን ምን ያህል ያረዝመዋል? ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ባለፉት ዓመታት ወደ አሜሪካ የሚሄዱ በረራዎች በተለያየ ጊዜ በሮም፣ በደብሊንና በቶጎዋ ሎሜ ሲያርፉ ቆይተዋል። በሮም በኩል መጀመሪያ 4,480፣ ቀጥሎ 7,230 ኪሎ ሜትር ይበረራል፤ ድምሩ 11,710 ነው። ከቀጥታው የሚበልጠው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ማለት ነው። በደብሊን በኩል ትርፉ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሎሜ ግን ወደ ደቡብ ስለምትወጣ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ትጨምራለች። ይህ በረራ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። የሎሜ መንገድ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ወደ አሜሪካ የሚሄደው መንገደኛ እዚያ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 በረራ የጀመረውና የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለው አስካይ አየር መንገድም መነሻውን ያደረገው ሎሜ ላይ ነው።

ስለዚህ በሮም ወይም በደብሊን በኩል የሄደ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩሉን የሚያጣው በኪሎ ሜትር አይደለም። ለማረፍ ዝቅ ማለት፣ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መቆም፣ እንደገና ወደ ላይ መውጣት፣ በዚህ ላይ የነፋሱ ነገር ሲጨመር ሒሳቡ ይሞላል።

ስስ አየር

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዳለስ መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደብሊንም እንዲሁ ነው። ሎሜ ከባሕሩ ዳር 20 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ የሮም አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ከባሕሩ ጋር እኩል ነው ቢባል ይቀላል።

በቦሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ይሳሳል። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ከማዕድ ቤቱ ያውቀዋል። እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ ባቄላና ሽምብራ ከድሬዳዋ ይልቅ አዲስ አበባ ላይ ዘግይቶ ይበስላል። ከቆላ መጥቶ ቦሌ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ያጠረው እንግዳም የሚያወራው ስለዚሁ አየር ነው።

አውሮፕላን አየሩን ሁለት ጊዜ ይፈልገዋል። ክንፉ ለመነሣት አየሩን ይደገፈዋል፤ ሞተሩ ደግሞ ነዳጁን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይደክማሉ። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፈጥኖ መንደርደር አለበት፣ ለዚህም ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልገዋል። የቦሌ ትልቁ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ርዝመት አለው። አጭር አይደለም፣ ነገር ግን ርዝመት ብቻውን አያድንም። የአውሮፕላን ጎማም የፍጥነት ወሰን አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ አውሮፕላኑ መሬት ለቆ ገና ሳይርቅ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በቀረው በአንዱ ሞተር ብቻ ወደ ላይ መውጣት መቻል አለበት ይላል ሕጉ። በስተሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ የቆመውን እንጦጦን አይቶ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ሕግ ትርጉም ግልጽ ነው።

እንግዲህ አብራሪው ምን ያደርጋል? ክብደት ይቀንሳል። ከአውሮፕላን ላይ የሚቀነሰው ክብደት ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። አንድም ነዳጅ ነው፣ አንድም ሰውና ዕቃ።

ሒሳቡን በግርድፉ ማየት ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር 270 መቀመጫ አለው። ባዶውን ወደ 120 ቶን ይመዝናል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሆኖ ሲነሣ ከነሙሉ ጭነቱ 228 ቶን ድረስ ይፈቀድለታል። በሰዓት የሚያቃጥለውን ነዳጅ አምስት ቶን፣ ለመጠባበቂያ የሚያዘውን ስምንት ቶን እንበል። ከዳለስ ቦሌ ለ13 ሰዓት በረራ 73 ቶን ነዳጅ ይይዛል ማለት ነው። አንድን መንገደኛ ከነሻንጣው በ100 ኪሎ ብንቆጥር 270 ሰው 27 ቶን ነው። ባዶውን፣ ነዳጁንና ሰውን ስንደምር 220 ቶን ይመጣል። ዳለስ ላይ ሒሳቡ ሞልቶ ለካርጎም ጥቂት ይተርፋል።

አሁን ያንኑ አውሮፕላን ቦሌ ላይ እናቁመው። ከነፋስ ጋር እየታገለ 14 ሰዓት ቀጥታ ይሂድ ቢባል 78 ቶን ነዳጅ ያስፈልገዋል። ስምንት ሰዓት በርሮ ደብሊን ላይ ይቅዳ ቢባል ግን 48 ቶን ይበቃዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 30 ቶን ነው። ሠላሳ ቶን ደግሞ ከነሻንጣቸው 300 ሰዎች ናቸው። በሌላ አነጋገር፣ የቀጥታው በረራ ተጨማሪ ነዳጅ የሚመዝነው በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለውን መንገደኛ በሙሉ ያህል ነው። የቦሌ አየር ሁለቱንም በአንድ ላይ አንሣ ሲባል እሺ አይልም። ማረፊያው የመጣው ከዚህ ነው።

ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ረጃጅም በረራዎች ማታ የሚበዙትም ለአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከጆሃንስበርግ፣ ከናይሮቢ፣ ከኢንቴቤና ከመሳሰሉት የሚመጣው መንገደኛ አመሻሽ ላይ ቦሌ ተሰብስቦ ይቀያየራል። ከዚህ ሌላ ግን ማታ ይቀዘቅዛል። ቀን 24 ዲግሪ የነበረው አየር ሌሊት ወደ 10 ሲወርድ በአምስት ከመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ይህ ለአውሮፕላኑ ጥቂት ቶን ተጨማሪ ፈቃድ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ለአየር መንገዱ ገንዘብ ያመጣል ቢባል ቀልድ አይሆንም።

የ1984ቱ ክብረ ወሰን

ይህ መንገድ የአቪዬሽን ታሪክ ውስጥም የገባ ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1984 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያዘዘው ቦይንግ 767-200ኢአር ከዋሽንግተን ተነሥቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ርቀቱ 12,082 ኪሎ ሜትር ሆኖ ተመዘገበ፤ በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን ያን ያህል ርቆ ሲበር የመጀመሪያው ነበር። ከክሩ መስመር የ500 ኪሎ ሜትር ብልጫ እንዳለው አንባቢ ልብ ይሏል፤ አውሮፕላን ምንጊዜም ከክሩ ዞር ማለቱ አይቀርም።

ይህን በኩራት የሚያነሣ ሰው አንድ ነገር ይረሳል። ክብረ ወሰኑ የተመዘገበው በቀላሉ አቅጣጫ ነው፤ ከዝቅተኛው ዳለስ ወደ ከፍተኛው ቦሌ፣ ነፋሱም ከኋላ እየገፋ። አርባ ዓመት አልፎ፣ ከዚያ የላቁት ቦይንግ 777፣ 787ና ኤርባስ ኤ350 መጥተውም፣ ቀጥታ የሚመጣው ያው የመልሱ በረራ ነው። ሞተሩ ተሻሽሏል፤ ተራራው ግን እዚያው ነው።

ችግሩ የኛ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲ 2,200 ሜትር ላይ ናት። ኤሮሜክሲኮ ወደ ቶኪዮ ሲበር አስቀድሞ በሰሜን ሜክሲኮ አርፎ ነዳጅ ይጨምር ነበር፤ ከቶኪዮ ሲመለስ ግን ቀጥታ ይመጣል። 1,700 ሜትር ላይ ያለችው ጆሃንስበርግም እንደዚሁ ናት። የደቡብ አፍሪካ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ሲሄድ በኬፕ ቬርዴዋ ሳል ደሴት፣ በኋላም በዳካር ያርፍ እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው።

ስለ ነፋሱ ጥቂት እንበል። ከዘጠኝ እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላን በሚሄድበት ልክ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠንካራ ነፋስ አለ። ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ በክረምታቸው ጊዜ ከዚያም ያልፋል። ከአሜሪካ የሚመጣው አውሮፕላን ይህን ከኋላው ያገኘዋል፤ የሚሄደው ግን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ከኒውዮርክ ለንደን ሰባት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ሲመለሱ ስምንት የሚሆነውም በዚሁ ነው። ዳለስ ላይ ባለው ዝቅታና በኋላ ነፋስ ሁለት ጊዜ የሚጠቀመው የአዲስ አበባ ተመላሽ፣ ሲሄድ በሁለቱም በኩል ይቀጣል።

ማን ይከፍላል?

ማረፊያው ለአየር መንገዱ ወጪ ነው። የማረፊያ ክፍያ አለ፤ የነዳጅ ቀጂውና የመሬት አገልግሎቱ ክፍያ አለ፤ እዚያ የሚቀየሩት የበረራ ሠራተኞች ሆቴል አለ። ከዚህም በላይ የአውሮፕላን ዕድሜ የሚቆጠረው በበረረበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በተነሣበትና ባረፈበት ቁጥርም ጭምር ነው። አንድ ማረፊያ በጨመረ ቁጥር የጥገናው ቀን ይቀርባል።

በሌላ በኩል የሚተርፍ ነገርም አለ። ነዳጅ ራሱ ስለሚመዝን ነዳጅን ለመሸከም ነዳጅ ይቃጠላል። በረጅም በረራ ላይ ለእያንዳንዱ ትርፍ ቶን በየሰዓቱ ሦስት ከመቶ ገደማ የሚሆነው ይበላል፤ በ13 ሰዓት ውስጥ አንድ ቶን ነዳጅ ሲሶውን ያህል ራሱን ለማጓጓዝ ያጠፋል። መንገድ ላይ የሚቀዳ አውሮፕላን ከዚህ ይድናል። የአውሮፕላን እጥረትም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሰኞ ማታ የወጣው አውሮፕላን ማክሰኞ ጧት ዳለስ ደርሶ፣ ተጠርጎና ተጭኖ ረቡዕ ጧት ቦሌ ይመለሳል። በየቀኑ ለመብረር ሁለት አውሮፕላን ያስፈልጋል። የሄደው ቀጥታ ቢሆንም የሚመለሰው ያው ረቡዕ ጧት ስለሆነ የሁለት አውሮፕላን ነገር አይቀርም።

ለነጋዴው ነገሩ ይከብዳል። በየዕለቱ ወደ ዋሽንግተንና አካባቢው ከሚሄደው ውስጥ እንጀራ አንዱ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጤፍ እህሉ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል የተጋገረው እንጀራ ግን እንዲወጣ ፈቅዶ ስለነበር ንግዱ በዚያው በኩል አደገ። እንጀራ የሚቆየው ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የተጋገረው ማታውን ቢጫን፣ የዋሽንግተን ሰዓት ከኛ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ረቡዕ ጧት ዳለስ ላይ ነው። የጉምሩኩን ጊዜ ቢጨምሩበት በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ሱቆች ለምሳ ይደርሳል። የሦስት ሰዓት ማረፊያ እንጀራን አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላ ነው። ሌሊቱ ሲሞቅ ወይም ነፋሱ ሲበረታ ቶን መቀነስ ግድ ይሆናል፤ መጀመሪያ የሚወርደው ደግሞ ካርጎው ነው። ሰውና የሰው ሻንጣ ቅድሚያ አላቸው። ለአንድ ቀን የቀረ እንጀራ ከዕድሜው ሲሶውን ቦሌ መጋዘን ውስጥ ጨረሰ ማለት ነው፤ ይህን ኪሳራ የሚሸፍን ዋጋ ደግሞ ሱቁ ላይ መጨመሩ አይቀርም።

ለመንገደኛው በአሜሪካ መስመር የተለመደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ነው። ሲሄድ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ ይሞላባቸዋል። ሥጋ ነክ ነገር አሜሪካ አያስገባም፤ ቋንጣ ጠቅልሎ የሄደ ዳለስ ላይ ተቀምቶ፣ ካላስመዘገበም ተቀጥቶ ሊያልፍ ይችላል። ሲመጣ ደግሞ ጫማ፣ ልብስ፣ መድኃኒትና ስልክ ይመጣል። ሁለቱ ጭነት በኪሎ እኩል ነው፣ በአየር መንገዱ መዝገብ ግን እኩል አይደለም፤ ቦሌ ላይ የሚነሣ አንድ ኪሎ ዳለስ ላይ ከሚነሣው ይልቅ ውድ ነው።

ቲኬቱ የሚሰላው በዶላር በመሆኑ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋው ሌላ ታሪክ ሆኗል። ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሺህ ዶላር የሚጠይቅ ቲኬት ከ57 ሺህ ብር ተነሥቶ መቶ ሺህን ተሻገረ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ሰው ቲኬት ብዙውን ጊዜ የሚገዛው እዚያ ባለ ልጅ ወይም ወንድም ነው።

እዚህ ላይ ነው የማረፊያው እውነተኛ ዋጋ የሚታየው። በዱባይ፣ በዶሃ፣ በኢስታንቡል ወይም በፍራንክፈርት በኩል መሄድ ይቻላል፤ ዋጋው አንዳንድ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን አውሮፕላን መቀየር አለ። የልጅ ልጅ ልታይ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጓዝ፣ ከአማርኛ ሌላ የማትናገር እናት በማታውቀው አገር፣ በሌሊት፣ የበር ቁጥር ፈልጋ እንድታገኝ ማድረግ ልጆቿን እንቅልፍ ይነሣል። ደብሊን ወይም ሮም ላይ ለነዳጅ የሚቆመው በረራ ግን ከመቀመጫዋ አያስነሣትም። እዚያው ተቀምጣ ትቆያለች፤ አስተናጋጆቹ ተቀይረው ሌሎቹ ይገባሉ፤ ቋንቋው ያው ነው። አሜሪካ ያሉ ልጆች በቲኬቱ ላይ ተጨማሪ መቶ ወይም ሁለት መቶ ዶላር ሲከፍሉ የሚገዙት ፍጥነት ሳይሆን ይህን መቀመጫ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ቲኬት ላይ 22:30 ተብሎ የተጻፈው በኛ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ሁሉም ይለምደዋል። የሚያሳስተው 00:30 ነው። በኛ ቆጠራ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ገና ያው ቀን ነው፤ በቲኬቱ ግን ቀኑ ተቀይሯል። ቀኑም የተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ15ኛው ቀን 00:30 የሚል ቲኬት ይዞ በ15ኛው ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ትናንት ሌሊት መሄዱን የሚያውቀው መግቢያው ላይ ነው። ለአውሮፕላን የተከፈለው ገንዘብ ተቃጥሎ የቅጣት ክፍያ ይጨመርበታል። ቲኬት የሚቆርጡ ቢሮዎች የኢትዮጵያውን ቀንና ሰዓት በእስክሪብቶ ጎኑ ላይ ቢጽፉለት ብዙ ቤተሰብ ከኪሳራ ይድን ነበር፤ የሚጽፉም አሉ።

ቢሾፍቱ

የቦሌን ከፍታ መቀነስ አይቻልም፤ ቦሌን ትቶ መውረድ ግን ይቻላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ቦታ ለሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ዳር አልሃንዳሳ ከተባለው ድርጅት ጋር የዲዛይን ውል ተፈራርሟል። ስለ አዲሱ ማረፊያ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለሚያስተናግደው የመንገደኛ ብዛት ነው። ለዋሽንግተን መስመር ግን ዋናው ቁጥር ሌላ ነው። የቢሾፍቱ አካባቢ ወደ 1,900 ሜትር ነው፤ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አየሩ በአራት ከመቶ ገደማ ይወፍራል ማለት ነው፤ ሙቀቱ ግን በጥቂት ዲግሪ ከፍ ስለሚል ከዚህ ላይ የሚቀነስ ይኖራል።

ይህ ብቻውን ሙሉ መንገደኛ ጭኖ ቀጥታ ዳለስ ለመግባት ይበቃል ብሎ መናገር ግን የዋህነት ይሆናል። ከላይ የታየው ክፍተት 30 ቶን ነው። አራት ከመቶ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ይሸፍናል፤ የቀረውን ረጅም መንደርደሪያና ነዳጅ የሚቆጥብ ሞተር መሙላት አለባቸው። የተወሰነ መቀመጫ ባዶ አድርጎ ቀጥታ መብረርም አንድ መንገድ ነው፤ ሆኖም ባዶውን መቀመጫ የተቀሩት መንገደኞች ይከፍሉታል። የሚቀለው ቢያንስ የካርጎው ነገር ነው። ከአቡሴራ የሚነሣ አውሮፕላን በሞቀ ሌሊት ሁለት ሦስት ቶን እንጀራ ሳያወርድ መሄድ ከቻለ ለላኪው ትልቅ ነገር ነው።

እስከዚያ ድረስ ግን የቦሌ መንገደኛ እኩለ ሌሊት አልፎ የአውሮፓ ጧት ላይ አንድ ጊዜ ይወርዳል። የነዳጅ መኪናው ክንፉ ሥር ይቆማል። አስተናጋጇ ቀበቶ እሰሩ ሳይሆን ቀበቶ ፍቱ ትላለች፤ ሰው ተቀምጦ ነዳጅ ሲቀዳ ደንቡ እንደዚያ ነው። መጸዳጃ ቤት ጋ ሰልፍ ይሆናል። አንዱ ስልኩን ከፍቶ “ደርሰናል?” ብሎ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ገና ሰባት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል።